ገመዱን የያዘው ማን ነው?

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው!» ብሎ የሚምል ሰው ካለው ነገር ሁሉ ውዱን መያዣ ማድረጉ ነው። ዓይኑን በጨርቅ አስሮ መድረክ ላይ የሚቆም ምትሃተኛም ይህንኑ መሐላ በተግባር ይፈጽመዋል። «እነሆ አላይም፤ እንግዲህ የምነግራችሁን ያወቅሁት በዓይኔ አይደለም» ማለቱ ነው። ስለዚህ ጨርቁ ጌጥ ሳይሆን ምስክር ነው። የታጠፈ ወረቀት ማንበቡ፣ የተሸሸገ መርፌ ማግኘቱ፣ በመኪና መሀል ብስክሌት መንዳቱ፣ ሁሉም በዚህ በአንዱ ምስክር ቃል ላይ የቆመ ነው። እኔ እንዲህ ያለውን ትርኢት ስመለከት ከድርጊቱ ይልቅ ምስክሩን አያለሁ። ማን አቀረበው? ማንስ መረመረው?

ስለ ምትሃት ሂስ ሲጻፍ ብዙ አይታይም። ቴአትር ይተቻል፤ ሥዕል ይተቻል፤ ዘፈን እንኳ የሚያብጠለጥለው አላጣም። ምትሃት ግን ወይ «ጉድ ነው» ተብሎ ይታለፋል፣ ወይ «ማጭበርበር ነው» ተብሎ ይናቃል። ሁለቱም ፍርድ የችኮላ ነው። አባባ ተስፋዬ ሣህሉ በተዋናይነታቸውና በልጆች ተረት ብቻ ሳይሆን በምትሃታቸውም ይታወቁ ነበር፤ ነገር ግን «አባባ ተስፋዬ አጭበረበሩኝ» የሚል ሰው እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። ጨዋታ መሆኑን ሰጪውም ተቀባዩም ያውቁታል። ጨዋታው ጨዋታ መሆኑ የሚያበቃበት፣ ምትሃቱ ወደ ሌላ ነገር የሚሻገርበት አንድ ድንበር አለ። ያንን ድንበር ለማየት ዓይንን በጨርቅ እንደ ማሰር የሚመች ትርኢት የለም።

ትርኢቱ በአውሮፓ መድረክ ዝናው የገነነው በፈረንሳዊው ሮበር ሁዳን ነው። እ.ኤ.አ. በ1846 ፓሪስ ውስጥ ፓሌ ሮያል በነበረው ትንሽ ቴአትሩ ልጁን ኤሚልን ዓይኑን አስሮ መድረክ ላይ ያስቀምጠውና እሱ ወደ ተመልካቹ ይወርዳል። ከአንዱ ሰዓት፣ ከሌላው ቀለበት፣ ከሌላዋ ማራገቢያ እየተቀበለ ከፍ ሲያደርግ ልጁ ምንነቱን ይናገራል። ምስጢሩ በጥያቄው አነጋገር ውስጥ የተሸሸገ ቋንቋ ነበር፤ አባት በጥያቄው መልሱን ይልካል፣ ልጅ ይቀበላል። ተመልካች ይህን መጠርጠር ሲጀምር ሁዳን ቃሉን ትቶ ደወል ብቻ መምታት ያዘ። በአሥር ዓመቱ፣ በ1856፣ የፈረንሳይ መንግሥት ይህንኑ ሰው ወደ አልጄሪያ ላከው። ሥራው የአገሩ ሸሆች በሕዝቡ ዘንድ ያላቸውን ተሰሚነት በምትሃቱ ማዳከም ነበር። ፓሪስ ላይ የልጅና የአባት ጨዋታ ያሳየ ሰው አልጄሪያ ላይ የቅኝ ገዢ መሣሪያ ሆነ። ጥበቡ ያው ነው፤ የተለወጠው ተመልካቹ ምን እንዲያምን መፈለጉ ነው።

ከሁዳን መቶ ዓመት በኋላ የመጣው ኩዳ ባክስ የተባለ የካሽሚር ተወላጅ ምስክሩን አበዛው። ዓይኖቹ ላይ ሊጥ ይለጠፋል፤ በሊጡ ላይ ጥጥ፣ በጥጡ ላይ ፋሻ ይጠመጠማል፤ ጭንቅላቱ እንደ ዳቦ ያብጣል። እንዲህ ሆኖ መጽሐፍ ያነባል፤ በ1945 ደግሞ ኒውዮርክ፣ ታይምስ ስኩዌር ላይ ብስክሌት ነድቷል። (በነገራችን ላይ ሰውየው የእስላም ልጅ ነው። የአሜሪካ ቴሌቪዥን ግን በ1950 ዝግጅቱን ያቀረበው «የሂንዱ ባሕታዊ» በሚል ስም ነበር፤ ለሻጩ የሚሸጠው ስም ይበልጥበታል።) እኔ ኩዳ ባክስን አደንቀዋለሁ፤ ሊጡን ግን አልወደውም። ምስክር ሲደራረብ ተመልካቹ የመጀመሪያውን ምስክር መጠየቅ ይረሳል። ስለ ፋሻው ውፍረት ሲደነቅ ከአፍንጫ ግራና ቀኝ ስላለችው ጎድጓዳ ሥፍራ አያስብም። ይህን መጻፍ የባለሙያ እንጀራ መንፈግ እንዳይመስል፤ ነገሩ ከታተመ ቆይቷል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በሶቪየት ኅብረት ሮዛ ኩሌሾቫ የተባለች ወጣት ዓይኗ ታስሮ በጣቶቿ ታነባለች ተብሎ ዓለም ጉድ ባለ ጊዜ፣ አሜሪካዊው ማርቲን ጋርድነር በ1966 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ በአፍንጫ ሥር ቁልቁል ማየት ምን ያህል ቀላል እንደሆነ በዝርዝር ጽፏል። ጨርቅ ያስሩ እንጂ አፍንጫ የሚያህል ምሰሶ ድንኳኑን ከመሬት ያነሣዋል።

እስከዚህ ያለው የሌላ አገር ወሬ ነው። የእኛስ?

የእኛው ሌባሻይ ነው። ስሙ ራሱ ይናገራል፤ ሌባ የሚሻ፣ ሌባ የሚፈልግ። በነገሥታቱ ዘመን ስርቆት ሲደርስ ሌባሻዩ ከአንድ ለጋ ልጅ ጋር ይጠራል። እ.ኤ.አ. ከ1841 እስከ 1843 በሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ የነበረው እንግሊዛዊው ሻለቃ ሃሪስ ስለዚህ ሥራ ጽፏል፤ ከእሱ በኋላ የመጡ ተጓዦችም ጽፈዋል። በዝርዝሩ ይለያዩ እንጂ አካሄዱ አንድ ነው። ልጁ የሚያደነዝዝ ነገር ይጠጣል ወይም ያጨሳል። ወገቡ ላይ ገመድ ወይም መቀነት ይታሰራል፤ ጫፉን ሌባሻዩ ይይዛል። ልጁ እየተንገዳገደ፣ አንዳንዴም እየዳኸ፣ ከቤት ቤት ይገባል ይወጣል። በመጨረሻ አንዱ ቤት ገብቶ መደብ ላይ ይወድቃል። የዚያ ቤት ጌታ ሌባ ነው! የጠፋውን ይክፈል!

የልጁ ዓይን በጨርቅ አልታሰረም፤ የታሰረው በመጠጡ ነው። የጨርቁን ሥራ መጠጡ ሠራው። «ይህ ልጅ የራሱ ፈቃድ የለውም፤ ማንንም አይወድም፣ ማንንም አይጠላም» ብሎ ይመሰክራል። የተመልካቹ ዓይን ሁሉ በልጁ ላይ ተተክሏል። ገመዱን ማን ያያል?

በዚያው በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ማብቂያ አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ ይህንኑ ሥራ በመድረክ የሚያሳዩ ሰዎች ተነሡ። ዝነኞቹ አሜሪካዊው ዋሽንግተን ኧርቪንግ ቢሾፕና እንግሊዛዊው ስቱዋርት ከምበርላንድ ናቸው። ቢሾፕ አዳራሽ ውስጥ መርፌ እንዲሸሸግ ያዛል፤ ዓይኑን ያስራል፤ የሸሸገውን ሰው እጅ ይይዛል፤ እየጎተተው ይሮጥና መርፌውን ያወጣል። ዓይኑን ታስሮ በከተማ መንገድ ሠረገላ እስከ መንዳትም ደርሷል። በ1889 ኒውዮርክ ውስጥ በእንዲህ ያለ ትርኢት መሀል ራሱን ስቶ ወድቆ አረፈ። ሐኪሞች ፈጥነው አስከሬኑን ቢመረምሩት እናቱ «ልጄ ሳይሞት ነው የቀደዱት» ብላ ከሰሰች። የጥበቡን ምንነት ግን ጆርጅ ቢርድ የተባለ ሐኪም በ1877 ጽፎት ነበር። የሰው ጡንቻ ምስጢር አይጠብቅም። መርፌው ያለበትን የሚያውቅ ሰው ወደዚያ ሲቃረቡ እጁ በትንሹ ይላላል፤ ሲርቁ በትንሹ ይጠነክራል። ራሱም አያውቀውም። ከምበርላንድ ይህን አልካደም፤ የሰውን እጅ ካልያዝሁ ምንም ማድረግ አልችልም ይል ነበር። ለዚህ ቃሉ ከቢሾፕ አብልጬ አከብረዋለሁ።

በርሊን ውስጥም ሃንስ የተባለ ፈረስ ነበር። ሂሳብ ይደምራል፤ መልሱን በኮቴው እየመታ ይናገራል። በ1907 ኦስካር ፑንግስት የተባለ ተመራማሪ ሁለት ነገር ፈተነ። ፈረሱ ጠያቂውን እንዳያይ ሲጋረድ አልቻለም፤ ጠያቂው ራሱ መልሱን ሳያውቅ ሲጠይቀውም አልቻለም። ፈረሱ ይመለከት የነበረው የጠያቂውን ራስ ነው፤ ኮቴው ትክክለኛው ቁጥር ላይ ሲደርስ ጠያቂው ሳያውቀው ቀና ይላል።

ከእነዚህ ከሁለቱ ፈተናዎች እኔን የሚያስጨንቀኝ ሁለተኛው ነው። የአፄ ምኒልክ አማካሪ የነበረው ስዊሳዊው አልፍሬድ ኢልግ ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ ያወራው ተብሎ የተጻፈ ታሪክ አለ። ምኒልክ ሌባሻይን ለመፈተን የእቴጌን ጌጥ ራሳቸው ወስደው ሸሸጉ፤ ልጁም በቤተ መንግሥቱ ክፍሎች ሲዞር ቆይቶ ንጉሠ ነገሥቱ አልጋ ላይ ወደቀ ይባላል። ይህን ታሪክ ብዙ ሰው ለሌባሻይ እውነተኛነት ማስረጃ አድርጎ ያወራዋል። እኔ እንደማነበው ግን የሚያስረዳው ሌላ ነገር ነው። በዚያ ግቢ ቢያንስ አንድ ሰው፣ ያውም ሁሉም ሰው ፊቱን የሚያነብበት ሰው፣ ጌጡ ያለበትን ያውቃል። የንጉሥን ቅንድብ እያነበበ የኖረ የግቢ ሰው ከበርሊኑ ፈረስ አያንስም። የሚያውቅ ሰው ካለ እውነቱ በዓይን፣ በእግር፣ በገመድ ሾልኮ ይመጣል።

የሚያውቅ ሰው በሌለበትስ? በሬው ከጠፋ፣ ሌባው ሌሊቱን አገር ጥሎ ከሄደ፣ ገመዱን የያዘው ሰውና ከኋላ የሚከተለው መንደር የሚያውቁት ነገር የለም። የሚጠረጥሩት ግን አለ። ያ ባይተዋር፣ ያች ባሏ የሞተባት፣ ያ ከጭቃ ሹሙ ጋር የተጣላ። ገመዱ የሚያስተላልፈው የተያዘለትን ነው፤ እውቀት ሲያጣ ሐሜትን ያስተላልፋል። ልጁም ቀድሞ በሁሉም ልብ ውስጥ የተፈረደበት ቤት ገብቶ ይወድቃል። ለዚህ ሌባሻዩ ክፉ ሰው መሆን የለበትም፤ እሱም እንደ ሌላው ሊደነቅ ይችላል። በአፈርሳታ ጊዜ እንኳ ስሙን ሸሽጎ የሚጠቁመው ሰው «ወፍ» ይባል ነበር፤ ነገር ግን ከወፉ በስተኋላ የሰው ምላስ እንዳለ ሁሉም ያውቃል። በሌባሻይ የሚጠቁመው ማንም አይደለም። ማንም ያልከሰሰውን ክስ ማን ይከራከረዋል? ሌባሻይ በሕግ ከተከለከለ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ የመከልከሉን ምክንያት ግን አያቶቻችን በደንብ ያስረዱን አይመስለኝም።

ይህን ሁሉ እንዳስብ ያደረገኝ ደጋን ላይ ያየሁት ነው። ደጋን ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በገበያ ቀን ከቆላው የሚወጣውና ከደጋው የሚወርደው ይገናኙባታል። ከማሽላው ተራ ወዲህ ሁለት ወጣቶች ሰው አክበው ቆመዋል። ታናሹ የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀምጦ ዓይኑ በጥቁር ሻሽ ታስሯል። ታላቁ እየዞረ ከሰው እጅ ዕቃ ይቀበላል። «ይሄስ?» ስልክ! «በል ይቺን» ሳንቲም! «ደግሞ ይሄ» ቁልፍ! እልልታ ሆነ።

ሮበር ሁዳን ፈረንሳይኛ ይዞ እንጂ አማርኛ ይዞ አልተነሣም፤ ቢይዝ ኖሮ ድካሙ በቀለለት ነበር። በእኛ ቋንቋ «ይሄ» እና «ይቺ» ብቻ ትልቁን ከትንሹ ይለያሉ፤ ዕቃን በአንስታይ መጥራት አንዳንዴ ማቆላመጥ፣ አንዳንዴ ማናናቅ ስለሆነ የሰው ጆሮ አይቆምበትም። በዚያ ላይ «በል»፣ «እሺ»፣ «ደግሞ»፣ «እንግዲህ»፣ «ቶሎ» አሉ። በማስታወሻዬ ላይ አንድ በአንድ ብጽፋቸው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ስልክ ሁሉ በ«ይሄስ»፣ ገንዘብ ሁሉ በ«በል» እንደሚጠራ ለየሁ። ሰምና ወርቅ ሲፈታ የኖረ አገር ሰው ይህን አለመስማቱ ገርሞኛል። ምናልባት ወርቅ የሚፈልገው ቅኔ መሆኑ ሲነገረው ብቻ ይሆናል።

እንደ ትርኢት ከተባለ ሥራው መካከለኛ ነው። ታላቁ ይቸኩላል፤ ታናሹ ሲመልስ ሁሌ በአንድ ድምፅ ነው፤ አንዲት ጊዜ እንኳ እንደመሳሳት ብሎ አያውቅም። የማይሳሳት ሰው ያጠናውን የሚደግም ይመስላል። ሆኖም አንድ ነገር ወደድሁላቸው። ሻሹ አንድ ብቻ ነው፤ ሊጥ የለ፣ ፋሻ የለ። ከፊት ለቆመ ሽማግሌ ሰጥተው ዓይናቸው ላይ አድርገው እንዲያዩት ጠየቁ። ምስክሩ ቢያንስ ለመስቀለኛ ጥያቄ ቀረበ።

ነገሩ የተለወጠው ሊበተን ሲል ነው። ነጠላዋን ያጣፋች አንዲት እናት ወደ ታናሹ ጠጋ ብላ «አንተ ልጅ፣ አላህ እድሜ ይስጥህ፣ ፍየሌ ከጠፋች ሳምንቷ ነው። ማን እንደወሰዳት ንገረኝ፤ እከፍላለሁ» አለችው። ሳቅ የለም። ክቡ እንደገና ጠበበ። ልጁ ሻሹን ገና አልፈታም ነበር። ታላቁ ቀደም አለና «እናቴ፣ ዛሬ ደክሞታል፤ ሌላ ቀን» አላት። ሰውም «ሌላ ቀን ይመጣሉ» እየተባባለ ተበተነ።

ሂሴ በዚህች በአንዲት መልስ ላይ ነው። «ደክሞታል» ማለት «ባይደክመው ይችል ነበር» ማለት ነው። ልጆቹ እንጀራ ፈላጊዎች ናቸው፤ ፍየሏን ጎረቤት ላይ አላላከኩም፣ ገንዘቧንም አልተቀበሉም። ግን በሩን ገርበብ አድርገው ሄዱ። በሚቀጥለው ገበያ የሚመጣ ሌላ፣ ከእነሱ ያነሰ ኅሊና ያለው ሰው በዚያ በር ይገባል። ከምበርላንድ ያለውን ቢሉ ኖሮ፣ «እናቴ፣ እኛ የምናውቀው ይህ ወንድሜ የነገረኝን ብቻ ነው» ቢሉ ኖሮ፣ ትርኢታቸው አይበላሽም ነበር። ሰዉ ቀድሞ አጨብጭቧል፤ ሳንቲሙም ወድቋል።

ይህ በር ሌላ አገር ምን እንዳስገባ ይታያል። በህንድና በደቡብ ምሥራቅ እስያ የልጆችን አንጎል «እናነቃለን» የሚሉ ማሠልጠኛዎች ወላጆችን ገንዘብ እያስከፈሉ፣ ልጆች ዓይናቸው ታስሮ ቀለም እንዲለዩና እንዲያነቡ አድርገው ያሳያሉ። የሚሆነው በአፍንጫ ሥር ማየት ነው። ልጁ የሚማረው ደግሞ ንባብ አይደለም፤ አባቱ እንዳያዝን መዋሸትን ነው። ሁዳን ኤሚልን ያሠለጠነው የሥራ ባልደረባ አድርጎ ነው፤ ኤሚል ምን እንደሚሠራ ያውቃል። የዚህ ዘመኑ ልጅ ግን ተዋናይ መሆኑ ሳይነገረው መድረክ ላይ ወጥቷል፤ በዚህ ከሌባሻዩ ልጅ ጋር አንድ ነው። እኛም ዘንድ አዳራሽ ሞልተው የሰው ስምና የስልክ ቁጥር እየጠሩ «ተገለጠልኝ» የሚሉ አሉ። እነሱን ሳይ ጥያቄዬ ያው የፑንግስት ጥያቄ ነው፤ ይህን ቁጥር አዳራሹ ውስጥ ከእርስዎ በፊት ያወቀ ሰው ማን ነበር?

ኩዳ ባክስ በስተ እርጅናው በግላኮማ ዓይኑን አጥቷል። ሰዎች ይህን እንደ ዕጣ ፈንታ ቀልድ ያወሩታል፤ እኔን አያስቀኝም። የዓይነ ስውሩ ሕይወት ከትርኢቱ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ደሴ ላይ ዘንግ ይዞ ፒያሳን የሚያቋርጥ ዓይነ ስውር በየቀኑ የሚሠራውን ሥራ ማንም አያጨበጭብለትም፤ የሚያጨበጨብለት ማየት እየቻለ የታሰረው ነው።

የቴአትር ሰዎቻችን ሌባሻይን መድረክ ላይ ቢያወጡት እወዳለሁ። ደሴ ያለው የወሎ ባህል አምባ ይበቃል፤ መጋረጃም ብዙ አያስፈልግም። አንድ ልጅ፣ አንድ መቀነት፣ አንድ የጠፋ በሬ። ተመልካቹ የመንደሩ ሰው ይሁን፤ መጋረጃው ከመከፈቱ በፊት በየወንበሩ ስለ አንድ ጎረቤት ትንሽ ሐሜት በወረቀት ይታደል። ከዚያ ልጁ ይነሣ፤ የመቀነቱም ጫፍ በፊተኛው ረድፍ ለተቀመጠ ለማንኛውም ሰው ይሰጠው።